ኦንላይን የቡድን ጥናት ላይ መሳተፍ ለምትፈልጉ የድሬ ልጆች፦ ከሊንኩ እስከ ክፍያው

“የቡድን ሥራና ችግር አፈታት ላይ ለምናደርገው ጥናት ተሳታፊ እንፈልጋለን፤ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ሙሉ በሙሉ ኦንላይን ነው።” እንዲህ ዓይነት መልእክት በግቢ ግሩፕ ወይ ከጓደኛ ደርሷችሁ ይሆናል። የድሬ ልጅ የመጀመሪያ ጥያቄ “ይከፍላሉ?” ነው። ሁለተኛው “ሌቦች ቢሆኑስ?” ነው። ሁለቱም ተገቢ ናቸው፣ እንደርስባቸዋለን። ብዙ ሰው የማይጠይቀው ሦስተኛውን ነው፦ ከገባሁ በኋላ ምን ላድርግ? ቶሎ ቶሎ ልመልስ? ጎበዝ መስዬ ልታይ? ዝም ልበል?

ጎበዝ ለመምሰል አትልፉ። እነዚህ ጥናቶች በአብዛኛው የሚያዩት በእናንተና በሌሎቹ መካከል የሚሆነውን ነው።

ለመሆኑ ምኑን ነው የሚያጠኑት?

በዚህ ዘርፍ በጣም ከሚታወቁት ሥራዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2010 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣው የአኒታ ዉሊና የባልደረቦቿ ጥናት ነው። 699 ሰዎች ከሁለት እስከ አምስት እየሆኑ በቡድን ሠሩ። እንቆቅልሽ ፈቱ፣ ሐሳብ አመነጩ፣ በውስን ነገር ላይ ተደራደሩ። በአንዱ ሥራ ጥሩ የሆነ ቡድን በሌላውም ጥሩ የመሆን ዝንባሌ ነበረው። የቡድኑ ጉብዝና ግን ከአባላቱ አማካይ አይኪው ጋርም፣ ከመካከላቸው በጣም ጎበዝ ከሆነው ሰው አይኪው ጋርም ጠንካራ ዝምድና አልነበረውም። የተሻለ የሠሩት የሰው ስሜት ማንበብ የሚችሉ አባላት ያሉባቸው፣ ወሬውን አንድ ሰው ያልያዘባቸው፣ ሴቶች በዛ ያሉባቸው ቡድኖች ናቸው። የሴቶቹን ነገር ተመራማሪዎቹ በአብዛኛው ያያያዙት ስሜት በማንበቡ ፈተና የተሻለ ከማምጣታቸው ጋር ነው።

ስለዚህ ከቡድን ሥራው በፊት ወይ በኋላ የዓይን ፎቶ ብቻ እያሳዩ “ይሄ ሰው ምን እየተሰማው ነው?” ቢሏችሁ አትደንግጡ። የታወቀው ፈተና 36 ፎቶ አለው፣ ለእያንዳንዱ ከአራት ቃል አንዱን ትመርጣላችሁ። ፈተናው ተረጋግታችሁ የምትሠሩት ነው። የእንግሊዝኛው ቃል ካልገባችሁ ትርጉሙን ማየት ይፈቀድ እንደሆነ መመሪያው ላይ ፈልጉ፣ አንዳንዱ የቃላት ፍቺ አብሮ ይሰጣል።

አንደኛ፦ ሊንኩን ከመንካት በፊት አጣሩ

እውነተኛ ጥናት ባለቤት አለው። የዋናው ተመራማሪ ስም፣ የተቋሙ ስም፣ የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴው ፈቃድና የምትጠይቁበት ኢሜይል መጻፍ አለበት። ኢሜይሉ የተቋሙ መሆኑን እዩ። የተመራማሪውን ስም ጎግል ላይ አስገቡና ተቋሙ ድረ ገጽ ላይ መኖሩን አረጋግጡ። ከድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ወይ ከሐረማያ ነኝ ካለ ደግሞ ነገሩ ቀላል ነው፣ ትምህርት ክፍሉ ድረስ ሄዳችሁ ወይ ደውላችሁ ጠይቁ። ድሬ ላይ ሁለት ሰው ከጠየቃችሁ ሦስተኛው የሚያውቀው ሰው ነው።

ጥናት ይከፍላችኋል ወይ አይከፍላችሁም፤ በጭራሽ ግን አያስከፍላችሁም። “መመዝገቢያ”፣ “ማስያዣ”፣ “መጀመሪያ ይሄን ያህል አስገቡና እጥፍ ሆኖ ይመለሳል” የሚል ነገር ከመጣ እዚያው ጥላችሁ ውጡ። የቴሌብር ወይ የባንክ ፒን፣ በሜሴጅ የሚላክ የማረጋገጫ ቁጥር፣ የፋይዳ ካርድ ፎቶ ከጠየቁም እንደዚያው። ክፍያ ለመላክ ስልክ ቁጥር ወይ የሂሳብ ቁጥር ሊፈልጉ ይችላሉ፣ ፒን ግን ለማንም ተመራማሪ ምንም አይሠራለትም።

ውጭ አገር ያሉ የተሳታፊ መመዝገቢያ ጣቢያዎች ብዙዎቹ ተሳታፊ የሚቀበሉት ከተወሰኑ አገሮች ብቻ ነው። ቪፒኤን ከፍታችሁ “ለንደን ነኝ” ብትሉ ይደረስበታል፣ ክፍያውም ይቀራል፣ ጥናቱንም ታበላሹበታላችሁ። የሚቀበላችሁን ፈልጉ።

ሁለተኛ፦ የስምምነት ቅጹን አንብቡት፣ የምሬን ነው

“አንብቤ ተስማምቻለሁ” የሚለውን ዝም ብሎ መጫን ሁላችንም ላይ ያለ ልማድ ነው። እዚህ ላይ ግን ቅጹ ለእናንተ የተጻፈ ነው። ሰው ሳያውቅና ሳይፈቅድ እንዳይጠና የሚለው ደንብ ከብዙ በደል በኋላ የመጣ ነው፤ የሐኪሞች የሄልሲንኪ መግለጫ እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው በዚሁ ምክንያት ነው፣ ዛሬ የሥነ ልቦና ጥናቱም በዚያው መንፈስ ይሄዳል። እኛም አገር በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል።

ቅጹ ውስጥ የምትፈልጉት ይሄ ነው። ድምፅና ቪዲዮ ይቀረጻል ወይስ ቻቱ ብቻ ነው የሚቀመጠው? ስማችሁ ከመልሳችሁ ጋር አብሮ ይቀመጣል ወይስ በኮድ ይተካል? መሃል ላይ ብታቆሙ የሠራችሁበት ይከፈላል? ከጨረሳችሁ በኋላ “መልሴን አጥፉልኝ” ማለት የምትችሉት እስከ መቼ ነው? ግልጽ ያልሆነ ነገር ካለ አስቀድማችሁ በኢሜይል ጠይቁ፣ ጥያቄ የሚያስቀይመው ተመራማሪ ካጋጠማችሁ ራሱ መልስ ነው። ከ18 ዓመት በታች የሆናችሁ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የወላጅ ፈቃድ ትጠየቃላችሁ፣ ዕድሜ ጨምራችሁ አትግቡ።

ሦስተኛ፦ ሰዓቱና ዓመተ ምሕረቱ

የእኛ ሰው በብዛት የሚያመልጠው እዚህ ላይ ነው። የቡድን ጥናት እንደ ተራ መጠይቅ በፈለጋችሁ ሰዓት የምትሞሉት አይደለም። አራት ሰው በአንድ ደቂቃ መገኘት አለበት። እናንተ ከቀራችሁ ሦስቱም ይበተናሉ።

የኢትዮጵያ ሰዓት ከዓለም አቀፉ ሰዓት በሦስት ሰዓት ይቀድማል፣ ዓመቱን ሙሉ አይቀየርም። የእነሱ ግን ይቀየራል። የኒው ዮርክ ጠዋት 10፡00 ሲባል ከመጋቢት መግቢያ እስከ ጥቅምት ማብቂያ ገደማ በእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፤ በቀሪዎቹ ወራት ግን 12 ሰዓት ይሆናል። ለንደንም ተመሳሳይ ጸባይ አላት፣ በእነሱ በጋ ልዩነቱ ሁለት ሰዓት፣ በክረምታቸው ሦስት። ቀጠሮው ሲመጣ ስልካችሁ ካላንደር ላይ በእነሱ ከተማ ሰዓት አስገቡት፣ እሱ ራሱ ይቀይርላችኋል። ቀኑንም ተጠንቀቁ፣ አሜሪካኖች ወርን ያስቀድማሉ፤ 05/06 ለእነሱ ሜይ 6 ነው።

የትውልድ ዓመት ስትጠየቁ በፈረንጅ ሙሉ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ከተወለዳችሁ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ ስምንት ደምሩ። ጥር 1992 የተወለደ ሰው 2000 ብሎ ይጻፍ። 1992 ብሎ ከተወው ሲስተሙ በስምንት ዓመት ያስረጀዋል፣ የዕድሜ ገደብ ካለም በር ላይ ይመልሰዋል። ሁለት ቦታ ሁለት ዓይነት ዕድሜ ከሞላችሁ ደግሞ “ይሄ ሰው ዝም ብሎ ነው የሚሞላው” ተብላችሁ ትጣላላችሁ።

አሁን ችግሩን አያችሁት? የአሜሪካ ጠዋት የሚገጥመው ከእኛ 11 ሰዓት ጋር ነው። ድሬ ላይ 11 ሰዓት ምን ሰዓት እንደሆነ አልነግራችሁም። በርጫው ላይ ሆኖ “በስልኬ እገባለሁ” ማለት አይሠራም፤ ምርቃና ላይ ያለ ሰው ቻቱን ብቻውን ነው የሚሞላው፣ ያለቀለት ሐሳብ አለኝ ብሎ ሌላውን አያስወራም። ለሌላ ቀን አቆዩት።

አራተኛ፦ ቤቱን አዘጋጁ

ላፕቶፕ ካለ ላፕቶፕ። በስልክ ብቻ የምትገቡ ከሆነ በስልክ መሥራቱን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፣ አንዳንዱ የቡድን ሥራ ገጽ ለስልክ አልተሠራም፤ እንቆቅልሹ በአንድ በኩል ቻቱ በሌላ በኩል ስለሆነ ትንሽ ስክሪን ላይ አንዱ ይሰወራል። ክሮምን አድሱት፣ ሌላ የተከፈተ ነገር ሁሉ ዝጉ። ሙሉ ቻርጅ ይኑራችሁ። ዋይፋይ ላይ ብትሆኑም የሞባይል ዳታ ፓኬጅ ይዛችሁ ጠብቁ፣ መብራት ሲሄድ ራውተሩም አብሮ ነው የሚሄደው። የቪዲዮ ጥናት ከሆነ ጠቀም ያለ ዳታ ይበላል፣ በጽሑፍ ብቻ ከሆነ ኢምንት ነው።

የድሬን ሙቀት መቼም አትረሱትም፣ ስልኩ ግን ይረሳዋል። ቻርጅ ላይ ሰክታችሁ ቪዲዮ ከፍታችሁ ከሰዓት በኋላ ላይ ብታስቀምጡት ግሎ “ሙቀት በዝቶብኛል” ብሎ ይዘጋል። አስቀድማችሁ ሞልታችሁ ንቀሉት። ፋን ካለ ከጀርባ ይሁን፣ ማይክ ላይ በቀጥታ ከነፈሰ ሌሎቹ የሚሰሙት ነፋስ ብቻ ነው። መንገድ ዳር ቤት ከሆነ የባጃጁን ነገር እናንተው ታውቁታላችሁ፣ ኢርፎን ተጠቀሙ፤ በማትናገሩበት ሰዓት ማይኩን ዝጉ። ወረቀትና እስክሪብቶ አጠገባችሁ ይሁን፣ ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ። ካልኩሌተርም ሆነ ጎግል ግን መመሪያው ካልፈቀደ አትንኩ።

አምስተኛ፦ መጠበቂያ ክፍሉ

ከገባችሁ በኋላ መጀመሪያ ለብቻችሁ መጠይቅ ትሞላላችሁ። መሃሉ ላይ “ይሄን እያነበብክ ከሆነ ሦስተኛውን ምረጥ” ዓይነት ወጥመድ ይገባል። በትክክል የምታነቡ መሆናችሁን ማያ ነው፣ ሦስተኛውን ምረጡና እለፉ።

ቀጥሎ ሌሎቹ እስኪሞሉ የምትጠብቁበት ገጽ ይመጣል። እዚህ ላይ ሰው ይሰለችና ሌላ ታብ ከፍቶ ቲክቶክ ይገባል። ቡድኑ ሲሞላ ግን ገጹ ወዲያው ይጀምራል፣ የሌለ ሰው ይዘለላል። ገጹን ሪፍሬሽ አታድርጉ፣ ወደ ኋላ የሚመልሰውንም አትጫኑ፣ ከወረፋው ሊያስወጣችሁ ይችላል። ጠብቃችሁ ቡድን ካልሞላ ለጠበቃችሁበት የሚከፍሉ አሉ፤ ቅጹ ላይ የተጻፈውን አስታውሱ።

ስድስተኛ፦ ሥራው ራሱ

ቡድኑ ሲከፈት ሰላምታ ስጡ። በአንድ መስመር ይሁን። የእኛ ሰላምታ የጤናውን፣ የቤተሰቡን፣ የከተማውን ሙቀት ጠይቆ እስኪያልቅ አሥር ደቂቃዋ ታልቃለች። ሁሉም የድሬ ልጅ ከሆነ ደግሞ በየትኛው ቋንቋ እንደምትሠሩ በመጀመሪያው ደቂቃ ተስማሙ። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ መቀላቀል ለእኛ ኖርማል ነው፣ ከአዲስ አበባ የገባው ልጅ ግን ይጠፋበታል። ሰዓት የሚያይ አንድ ሰው፣ የተስማማችሁበትን የሚጽፍ አንድ ሰው ምረጡ። መሪ የግድ አያስፈልግም።

ሐሳብ አመንጩ ከተባላችሁ፣ ለምሳሌ “ለአንድ ጡብ ስንት ጥቅም ታገኛላችሁ”፣ ወረቀቱ እዚህ ላይ ይሠራል። እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ እንደታየው፣ ለየብቻቸው ያሰቡ ሰዎች ሐሳብ ሲደመር አብረው ቁጭ ብለው ካወሩት ይበልጣል። አንዱ ሲናገር ሌላው ተራ እየጠበቀ የያዘውን ይረሳላ። ስለዚህ “መጀመሪያ ሁለት ደቂቃ ለየብቻችን እንጻፍ፣ ከዚያ ሁላችንም እንለጥፍ” ብላችሁ አቅርቡ። ይሄን ያለ ሰው ቡድኑን ግማሽ መንገድ ወስዶታል።

ግምት ሲሆንም እንዲሁ፣ ሁሉም የሌላውን ሳያይ የየራሱን ቁጥር ይጻፍ። ፍራንሲስ ጋልተን የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1907 ያወጣው የበሬ ክብደት ግምት የታወቀ ነው፤ 787 ሰው ለየብቻው ገምቶ የመካከለኛው ግምት 547 ኪሎ ሆነ፣ እውነተኛው 543 ነበር። ያ የሆነው አንዱ የሌላውን ቁጥር ስላላየ ነው። የመጀመሪያው ሰው “300 ይሆናል” ብሎ ቻት ላይ ከጻፈ በኋላ ሁሉም 300 አካባቢ ነው የሚዞረው።

ሰው ሁሉ የሚወድቅበት ሥራ ግን መረጃው ለየሰው ተከፋፍሎ የሚሰጥበት ነው። ስታሰርና ታይተስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ነው ያሳዩት። በእኛ ላድርገውና፣ ሦስት ሆናችሁ ለሱቅ የሚከራይ ቤት ትመርጣላችሁ እንበል፤ አንዱ ከዚራ፣ አንዱ ሳቢያን። ሦስታችሁም ወረቀት ላይ የከዚራው ቤት ሦስት ጥሩ ነገር ተጽፏል፦ አስፋልት ዳር ነው፣ ሰፊ ነው፣ ኪራዩ ይቀንሳል። ስለ ሳቢያኑ ደግሞ ለሁላችሁም “ንጹሕ ነው” የሚል አለ፣ በዚያ ላይ ለእያንዳንዳችሁ አንድ አንድ የተለየ ነገር ተጨምሯል፤ ለአንዱ “የውኃ ታንከር አለው”፣ ለሁለተኛው “አከራዩ የሁለት ዓመት ውል ይፈርማል”፣ ለሦስተኛው “የባጃጅ መቆሚያ ፊት ለፊት ነው”። እያንዳንዱ ሰው ወረቀቱን ሲያይ ከዚራ ሦስት ለሁለት ይመራል። ወረቀቱ ሲደመር ግን ሳቢያን አራት ለሦስት ያሸንፋል።

ቡድኖች ምን ያደርጋሉ? አንዱ “ከዚራ አስፋልት ዳር ነው” ይላል፣ ሌላው “አዎ እኔም ጋ አለ፣ ሰፊም ነው” ይላል፣ ሦስተኛው “ኪራዩም ይቀንሳል” ብሎ ይጨምራል። ሁሉም የሚያውቀው ነገር ሲደጋገም ደስ ይላል፣ ስምምነት ይመስላል። ታንከሩን ያየው ልጅ “ሁሉም ከዚራ ካለ እኔ ምን አደከመኝ” ብሎ ዝም ይላል። በሁለት ደቂቃ ከዚራ ተመርጦ ያልቃል። መድኃኒቱ አንድ ጥያቄ ነው፣ ቻቱ ላይ ቀድማችሁ ጻፉት፦ “ከመምረጣችን በፊት ሁላችንም ወረቀታችን ላይ ያለውን በሙሉ እንለጥፍ፤ እኔ ጋ ብቻ ያለ ነገር ሊኖር ይችላል።” ኮፒ ማድረግ ካልተፈቀደ አጠር አድርጋችሁ ጻፉት።

የገንዘብ ጨዋታም ሊመጣ ይችላል። አራት ሰው፣ ለእያንዳንዱ 100 ነጥብ። ወደ ጋራው ሣጥን የገባው ሁሉ እጥፍ ይሆንና ለአራቱ እኩል ይካፈላል። ሁሉም ሙሉውን ካስገባ ሁሉም 200 ይዞ ይወጣል። ሦስቱ አስገብተው አንዱ የራሱን ከያዘ ግን ሦስቱ 150 ሲያገኙ እሱ 250 ይዞ ይወጣል። እዚህ ላይ ልክ የሆነ መልስ የለም። ተመራማሪው የሚፈልገው በእውነት የምታደርጉትን ነው፣ ለእሱ ብላችሁ ደግ አትሁኑ። ነጥቡ ወደ ብር የሚቀየር ከሆነ ደግሞ ይበልጥ አስቡበት።

ስለ መደበቅ አንድ ነገር ልበል። ማክስ ሪንገልማን የተባለ ፈረንሳዊ የእርሻ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1913 ባወጣው ሥራ ሰዎች ገመድ ሲጎትቱ ለካ፤ ስምንት ሰው አብሮ ሲጎትት እያንዳንዱ ለብቻው ከሚጎትተው ግማሽ ያህሉን ነው ያወጣው። ከፊሉ አለመቀናጀት ነው፣ ከፊሉ ግን “ሌላው ይጎትተዋል” ማለት ነው። ኦንላይን ይሄ ይብሳል፣ ፊታችሁን የሚያይ የለማ። እንግሊዝኛችሁ ደካማ ስለሆነ ዝም የምትሉም አላችሁ። ሰዋስው አይለካም፤ “ሁለተኛው ስህተት ይመስለኛል፣ ምክንያቱም እንዲህ” የምትል አጭር መስመር ይበቃል። በተቃራኒው ቻቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ስታዩ የእናንተ ስም ብቻ ከሆነ የሚታየው፣ ቆም በሉና ዝም ያለውን ሰው በስሙ ጠይቁ።

እንቆቅልሹን ከዚህ በፊት ታውቁት ከሆነ፣ ለምሳሌ ጨረቃ ላይ ለተሰናከለ ቡድን 15 ዕቃ በቅደም ተከተል የምታስቀምጡበትን ታዋቂ ልምምድ ሥልጠና ላይ ሠርታችሁት ከሆነ፣ ለቡድኑ መልሱን አትዘርግፉ፤ መጨረሻ ላይ አስተያየት መስጫው ላይ “አውቀው ነበር” ብላችሁ ጻፉ። ክፍያችሁን አይነካም ብሎ ቅጹ ላይ ባይጻፍም እውነቱን መናገር ይሻላል።

መሃል ላይ ቢቋረጥስ?

ያንኑ ሊንክ ይዛችሁ በዚያው ብሮውዘር ተመለሱ፣ ብዙ ጊዜ ወደነበራችሁበት ይመልሳል። ካልመለሰ ደግሞ አዲስ ሆናችሁ ለመግባት አትሞክሩ፣ እንደ ሁለተኛ ሰው ይቆጠራችኋል። ስህተቱን ስክሪንሾት አንሱ፣ ሰዓቱን ጻፉ፣ የተሳታፊ ቁጥራችሁን ጨምራችሁ ያንኑ ቀን ለተመራማሪው ኢሜይል ላኩ። የሌሎቹን ተሳታፊዎች ስም ወይ ያሉትን የያዘ ስክሪንሾት ግን ለማንም አታጋሩ፣ ግሩፕ ላይ ለቀልድም ቢሆን።

ውይይቱ ላይ የሚሰድብ ወይ በብሔር በሃይማኖት የሚመጣ ሰው ካጋጠማችሁ መታገሥ ግዴታችሁ አይደለም። ውጡና ጻፉላቸው። ምክንያት ሳትሰጡ የመውጣት መብት ቅጹ ላይ ያለው ለዚህም ነው።

ሲያልቅ

አብረዋችሁ የሠሩትን እንድትመዝኑ ትጠየቃላችሁ፣ “ማን ጠቀመ፣ ማን ሰማችሁ” የሚል። ለሁሉም አምስት አምስት መስጠት የእኛ ይሉኝታ ነው። መልሳችሁን እነሱ አያዩትም የሚል ተጽፎ ከሆነ የተሰማችሁን ሙሉ። ከዚያ የማብራሪያ ገጽ ይመጣል። እሱን ሳታነቡ አትዝጉት፤ አንዳንዴ ከቡድኑ አንዱ ሰው ሳይሆን ኮምፒውተር እንደነበረ የሚነግሯችሁ እዚያ ላይ ነው። እንደዚያ ከሆነና ካልተመቻችሁ መልሳችሁ እንዳይገባ መጠየቅ ትችላላችሁ።

የማጠናቀቂያ ኮዱን ኮፒ አድርጋችሁ ስክሪንሾትም አንሱ። ክፍያው በምን እንደሚመጣ ከመጀመሪያው ያረጋገጣችሁ ይመስለኛል፤ በውጭ የክፍያ ዘዴ ከሆነ ኢትዮጵያ ሆናችሁ መቀበል መቻላችሁን ካልጠየቃችሁ ኮዱ ብቻውን ዳቦ አይገዛም። የተባለው ቀን ካለፈ በኮዱና በተሳታፊ ቁጥሩ ጨዋ ኢሜይል ጻፉ፤ መልስ ከጠፋ ቅጹ ላይ ያለውን የሥነ ምግባር ኮሚቴ አድራሻ ተጠቀሙ። የጥናቱ ውጤት ሲወጣ እንዲላክላችሁ የሚጠይቅ ሣጥን ካለም ምልክት አድርጉበት፣ ለዚያ የምትሰጡት ኢሜይል ከመልሳችሁ ጋር እንደማይያያዝ የተጻፈውን አንብባችሁ።